ዋይልድካት ጥይት የሚተኩስ የቫርሚንት ጠመንጃ ሲመረጥ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በአሜሪካ፣ በሳውዝ ዳኮታ፣ በዋዮሚንግና በሞንታና ግዛቶች የግጦሽ መሬቶች ላይ ፕሬሪ ዶግ የተባሉትን ጉድጓድ ቆፋሪ ትናንሽ እንስሳት ከሩቅ የሚተኩሱ አዳኞች፣ ቀላል አረር በከፍተኛ ፍጥነት የሚያስወነጭፍ ጠመንጃ ይሻሉ፤ እንዲህ ያሉት እንስሳት ቫርሚንት፣ ጠመንጃውም የቫርሚንት ጠመንጃ ይባላል። ከእነዚህ አዳኞች አንዳንዶቹ በመደብር የሚሸጠው ጥይት አያረካቸውምና ወደ ዋይልድካት ይሄዳሉ። ዋይልድካት ማለት የታወቀ ጥይት ቀለሃ አንገቱ ጠብቦ ወይም ትከሻው ተለውጦ የሚሠራ፣ ሳሚ የተባለው የአሜሪካ አምራቾች ተቋም ልኩን ያልደነገገለት ጥይት ነው። ደንብ የሌለው በመሆኑ በርሜሉ ላይ የተቀረጸው ስም ልክን አያረጋግጥም፤ ከታች የተዘረዘሩት ችግሮች አብዛኞቹም ገዢው ስሙን አምኖ ልኩን ሳይጠይቅ ከመግዛቱ የሚመነጩ ናቸው።

ምልክት፦ የመቀርቀሪያው እጀታ ከተኩስ በኋላ በግድ ይነሳል፤ ወይም ቀለሃው ከግርጌው ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያበራ ቀለበት ያወጣል።

ይህ ሲታይ ተኩሱ ወዲያውኑ መቆም አለበት፤ ቀለበቱ ብረቱ መሳሳቱንና ቀለሃው ለመበጠስ መቃረቡን ያመለክታልና። እጀታው ብቻ ከከበደ መንስኤው የባሩዱ መጠን መብዛት ሊሆን ይችላል፤ ቀለበቱ ሲታይ ግን መጠርጠር ያለበት ልክ ነው። ለምሳሌ አክሊ ኢምፕሩቭድ የሚባሉት ጥይቶች ትከሻቸው 40 ዲግሪ ሆኖ የተቀረጸ ሲሆን፣ የበርሜሉ የጥይት መቀመጫ ከወላጁ ጥይት፣ ማለትም ዋይልድካቱ ከተሠራበት የታወቀ ጥይት፣ ልክ በ0.1 ሚሊ ሜትር ያህል አጥሮ እንዲቆረጥ ይጠበቃል፤ ዓላማውም የመደብሩ ጥይት መጀመሪያ ሲተኮስ ጥብቅ ብሎ ተይዞ፣ ወደ ኋላ ሳይሳብ አዲሱን ቅርጽ እንዲይዝ ነው። ጠመንጃ ሠሪው ይህን ትቶ በወላጁ ልክ ከቆረጠው፣ ቀለሃው ክፍተቱን ለመሙላት ሲለጠጥ ግርጌው ይሳሳል። መፍትሄው በርሜሉን ፈትቶ፣ ከኋላው ጥቂት ቆርጦ፣ መቀመጫውን እንደገና ማስተካከል ነው፤ ይህም የባለሙያ ሥራ እንጂ በጓሮ የሚሞከር አይደለም።

ሁለተኛው መንስኤ የበለጠ አታላይ ነው። አንድ ስም ያላቸው ሁለት ሪመሮች፣ ማለትም መቀመጫውን የሚቆርጡት መሣሪያዎች፣ በአንገት ስፋት ወይም በትከሻ ቦታ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ቀለሃውን መልሶ የሚቀርጸው ዳይ ከሌላ ሪመር ልክ የተሠራ ከሆነም፣ ቀለሃው በየዙሩ ከልክ በላይ ይጨመቅና በየተኩሱ ይለጠጣል። ስለዚህ ሻጩ የሪመሩን ሥዕል እንዲሰጥ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ከሌለው ደግሞ መቀመጫው በቀላሉ በሚቀልጥ ብረት ተቀድቶ ይለካና ዳይ በዚያው ልክ ይታዘዛል። በእኔ አስተያየት ሥዕሉንም ሆነ በዚያ ጠመንጃ የተተኮሱ ቀለሃዎችን ማሳየት የማይችል ሻጭ በርካሽ ቢሸጥም መታለፍ አለበት።

ምልክት፦ አረሩ ዒላማው ላይ ሞላላ ቀዳዳ ይተዋል፣ ወይም አረሮቹ የሚመቱባቸው ነጥቦች ያለ ምክንያት ይበተናሉ።

እዚህ ላይ በቅድሚያ የሚጠረጠረው በበርሜሉ ውስጥ ያለው ጥምዝ ነው። .22-250 የተባለውን ጥይት የሚተኩሱ በርሜሎች ለረጅም ጊዜ በ14 ኢንች አንድ ዙር እንዲዞሩ ይሠሩ ነበር፤ ይህም እስከ 55 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) ለሚደርሱ የተለመዱ አረሮች ይበቃል፤ 75 ግሬን የሚመዝነውን ረጅም አረር ግን ቀጥ አድርጎ ሊያስኬደው አይችልም፤ ለእርሱ በ8 ኢንች አንድ ዙር ያስፈልጋል። ጠመንጃው ከተገዛ በኋላ ያለው ርካሽ መፍትሄ ወደ አጭር አረር መመለስ ነው። ገና ያልገዛ ሰው ግን አረሩን አስቀድሞ ይምረጥ፣ ጥምዙን ከዚያ በኋላ።

ምልክት፦ የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች አንድ ቦታ ይመታሉ፣ ከዐሥር በኋላ ይንሸራተታሉ።

የቫርሚንት ተኩስ ከአጋዘን አደን የሚለየው በብዛቱ ነው፤ በአንድ ጠዋት መቶ ጥይት መተኮስ እንግዳ ነገር አይደለም። ቀጭን በርሜል ይህን ሙቀት አይችልም፤ ወፍራም በርሜልም ቢሆን ትልቅ የባሩድ ጭነት በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍበት የጉሮሮው፣ ማለትም ከጥይት መቀመጫው ፊት ያለው የበርሜሉ ክፍል፣ ብረት ቶሎ ይበላል። በ1935 ለገበያ የቀረበው .220 ስዊፍት በርሜል በላ የሚል ስም ያተረፈው በዚህ ነው፤ ቀለሃቸው ከእርሱ የሚተልቅ ዋይልድካቶችም ጉዳዩን ያብሳሉ። መፍትሄው ትንሽ ቀለሃ መምረጥ፣ ለምሳሌ ከ.223 ሬሚንግተን የሚሠራውን .20 ታክቲካል፣ አለዚያም ሁለት ጠመንጃ ይዞ መፈራረቅ ነው። (ሁለተኛውን ምክር የትዳር ጓደኛ ስትሰማው ባይሆን ይመረጣል።)

ምልክት፦ ቀለሃ አይገኝም፤ ወይም የተገኘው ከሌላ ጥይት ጋር ይምታታል።

ወላጁ ጥይት ከምርት የወጣ ዋይልድካት ብዙም ሳይቆይ ባለቤቱን ባዶ እጁን ያስቀረዋል፤ ስለዚህ ወላጁ በየመደብሩ የሚገኝ ይሁን። መምታታቱ ደግሞ የደኅንነት ጉዳይ ነው፦ .20 ታክቲካል ግርጌው ላይ የሚነበበው ብዙውን ጊዜ .223 የሚለው ስለሆነ፣ ሳጥኑ በግልጽ ካልተጻፈበትና ሁለቱ ጠመንጃዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ አደጋ ይጋበዛል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ማጣሪያ አለ፤ የሚፈለገው ጥይት ፋብሪካ ገብቶ እንደሆነ ማየት። .22-250 ራሱ ለዓመታት ዋይልድካት ነበር፣ ሬሚንግተን በ1965 ደንበኛ ጥይት እስኪያደርገው ድረስ፤ የ.17 ማክ ፎር ዋይልድካት የቅርብ አምሳያም በ2007 .17 ሬሚንግተን ፋየርቦል ሆኖ ወጥቷል፤ ባለ 20 ካሊበር ለሚሻም .204 ሩገር ከ2004 ጀምሮ አለ።

ምልክት፦ ጠመንጃው ሲሸጥ ገዢ የለም።

መንስኤው ግልጽ ነው፤ ገዢው ጥይቱን በመደብር ሊያገኝ አይችልም። ቢያንስ የሪመሩ ሥዕል፣ ዳዩና የተቀረጹት ቀለሃዎች አብረው ይቀመጡና አብረው ይሸጡ፤ ይህም ካልሆነ ባለቤቱ የጠመንጃውን አካል ዋጋ ብቻ አስቦ፣ በርሜሉን በተለመደ ጥይት በርሜል አስቀይሮ ይሽጥ።