ማድቤቱን ከማፍረሳችሁ በፊት አንድ ወር እንጀራ ጋግሩበት

አዳማ የገባነው በግንቦት፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰሞን ነው። የገዛነው ከፍራንኮ ብዙም የማይርቅ የድሮ ብሎኬት ቤት ነው። ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ ግቢው ውስጥ ማንጎ አለ። ማድቤቱ ጋ ስንደርስ ግን ሁለታችንም ዝም አልን። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ጥቀርሻ። ሲንኩ ቴራዞ። አንዷ የካቢኔት በር በአንድ ቸርኔራ ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች። ባለቤቴ ዕቃው ከመኪና ሳይወርድ «ይሄማ ይፈርሳል» ብሎ ፈረደበት።

ከፍርዱ ያስጣሉት አንዲት ጎረቤታችን ናቸው፤ እትዬ ነው የምንላቸው። ቡና ጠጡ ብለው ጠሩንና ሐሳባችንን ሲሰሙ ሳቁ። «ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ወር ጋግሪበት። ምኑ እንደሚያስቸግርሽ የምታውቂው ያኔ ነው» አሉኝ። ሰማናቸው። ካሰብነው ወጪ ግማሹ የቀረልን በዚህ ምክር ነው።

መጀመሪያ ማስታወሻ ያዙ

በዚያ አንድ ወር ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፉና ስታበስሉ ያናደዳችሁን ነገር ሁሉ እዚያው ጻፉ። የእኛ ወረቀት ላይ የነበረው ይህ ነው፦ ሽንኩርት ስከትፍ የራሴ ጥላ መክተፊያው ላይ ይወድቃል። በሩ ሲከፈት ምጣዱን ይገጫል። ዕቃ ሳጥብ ወገቤን ያመኛል። ከሲንኩ ሥር ጠዋት ጠዋት ይሸታል። ምጣዱ አንዳንዴ ይነዝራል። ልብ በሉ፣ አረንጓዴው ቀለም ወረቀቱ ላይ የለም። ዓይን ያስጠላል እንጂ ሥራ አያስፈታም።

ጥላው አምፖሉን ከጣሪያው መሃል ወደ መክተፊያው በላይ በማምጣት ተፈታ። በሩም ማጠፊያው ወደ ሌላው ጎን ዞረና ተገላገልን። ለወገቡ ሜትር አመጣሁ። የሲንኩ ከፍታ 76 ሳንቲም ሆኖ ተገኘ፤ የተለመደው ከ85 እስከ 90 ነው። ለእናንተ የሚስማማውን ለማወቅ ክርናችሁን አጥፋችሁ ቁሙ፣ ከወለል እስከ ክርን ለኩ፣ ከዚያ ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲም ቀንሱ። ሲንኩን አላፈረስነውም። አናጺ የእንጨት ርብራብ ሠራልንና ሲንኩ ውስጥ አስገብተን ሳፋውን ከላዩ አስቀመጥን። ወገቤ ዳነ።

ከቀለም በፊት መብራት

ለቀለም አንድ ብር ሳታወጡ ኤሌክትሪሻን ጥሩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንደ ዓይነቱ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይበላል። 3,500 ዋትን ለ220 ቮልት ስታካፍሉት 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። የድሮ ቤት ሶኬት ይህን ያህል ጭነት ለሰዓታት እንዲሸከም ታስቦ አልተዘረጋም። ሶኬቱ ከጠየመ፣ ሲነካ ከሞቀ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ነገር አለ ማለት ነው። የእኛን ፈትቶ ሲያሳየኝ የሽቦው ልባስ እንዳረረ ቆሎ እጁ ላይ ተፈረፈረ። «እህቴ፣ ይሄ እስካሁን ያላቃጠላችሁ ፈጣሪ ይዞት ነው» አለኝ።

ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር ይዘርጋለት። ባለ 4 ካሬ (4 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው) የመዳብ ሽቦ፣ 20 ወይም 25 አምፔር ብሬከር። ማከፋፈያ ላይ ምጣድ አይሰካም፣ በቃ። የሚነዝር ምጣድ ካላችሁም «ለምደነዋል» ብላችሁ አትለፉት። ወይ ውስጡ ያለው ሽቦ አካሉን ነክቷል፣ ወይ ቤቱ ኧርዝ የለውም፤ የእኛ ሁለቱም ነበር። ኧርዝ ማለት ግቢ ውስጥ የሚቀበር ዘንግ ከብሬከር ሳጥኑ ጋር በሽቦ ሲያያዝ ነው። ይህን ባለሙያ ይሥራው። ቆጣሪውን ግን ባለሙያውም አይንካው፤ እሱ የመብራት ኃይል ነው።

ውሃ

የጠዋቱ ሽታ ምክንያቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ከሲንኩ የሚወርደው ቱቦ ቀጥ ብሎ ጉድጓድ ይገባል፤ ሲፎን የለውም። ሲፎን ያ የታጠፈው ቱቦ ነው። እጥፋቱ ላይ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይቀርና ሽታውንም በረሮውንም ያግዳል። የፕላስቲኩ ርካሽ ነው፣ በእጅ ይጠብቃል፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅም።

ቧንቧ ስትመርጡ ሮቶአችሁ የተቀመጠበትን ከፍታ አስቡ። ሮቶው ከቧንቧው በላይ 3 ሜትር ላይ ቢሆን ግፊቱ 0.3 ባር ብቻ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚያብለጨልጩት ብዙዎቹ ቧንቧዎች ከዚያ የበለጠ ግፊት ይፈልጋሉ፤ ቤት ስትገጥሟቸው እንደ ሕፃን ሽንት ይወርዳሉ። ነባሩ ቧንቧ ውሃው ከቀነሰባችሁ ደግሞ ከመቀየራችሁ በፊት አፉ ላይ ያለችውን ወንፊት ፈታችሁ አሸዋውን አራግፉ።

ቧንቧው ላይ የጋገረ ነጭ ቅርፊት ካለ በአቼቶ የራሰ ጨርቅ ጠቅልሉበትና ከሩብ ሰዓት በኋላ እሹት፤ ይለቃል። ቴራዞ ላይ ግን አቼቶም ሎሚም እንዳይደርስ። በውስጡ ያለውን የእብነ በረድ ፍርፋሪና ስሚንቶ አሲድ ይበላዋል። እኔ ይህን ያወቅኩት በሎሚ ፈግፍጌ መዳፍ የሚያህል ቦታ ካፈዘዝኩ በኋላ ነው። ዛሬም ማንቆርቆሪያ አስቀምጬ ነው የምሸፍነው። ቴራዞ የሚወደው ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ብቻ ነው።

ጥቀርሻውና ቀለሙ

እዚህ ጋ ነው የተሞኘሁት። ቸኩዬ ጥቀርሻውን በደረቅ ጨርቅ ጠራርጌ በላዩ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ቀባሁበት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሻይ የፈሰሰበት የመሰለ ቡኒ ነጠብጣብ ከውስጥ ወጣ። ደግሜ ቀባሁ፤ ደግሞ ወጣ። የጭሱና የቅባቱ እድፍ ውሃ ባለው ቀለም ይርስና ወደ ላይ ይመጣል። መቶ ጊዜ ቢቀባ ያው ነው።

ትክክለኛው አካሄድ ይህ ነው። መጀመሪያ ግድግዳውን በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና እጠቡ። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ ከላይ ከጀመራችሁ የሚወርደው ጥቁር ውሃ ደረቁን ግድግዳ መስመር በመስመር ያደርገዋል። ስታለቀልቁ ግን ከላይ ወደ ታች። በረኪና ከተጠቀማችሁ መስኮት ክፈቱ፤ ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉት፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

በደንብ ሲደርቅ የድሮውን ዘይት ቀለም በብርጭቆ ወረቀት አሹት። የሚያብለጨልጭ ገጽ አዲስ ቀለም አይዝም። እያረጠባችሁ ብታሹት ይሻላል። የቆየ ዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ስለሚችል ብናኙ መተንፈስ የለበትም። አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ልጆችን አርቁ።

ቀጥሎ እድፉ ያለበትን ቦታ ሁሉ አንድ እጅ በዘይት ፕራይመር፣ ማለት ከዋናው ቀለም በፊት በሚቀባው መነሻ ቀለም፣ ዝጉ። ሲደርቅ የፈለጋችሁትን ቀለም ቀቡ። እኔ ከምድጃው አካባቢ ዘይት ቀለም፣ ሌላው ላይ ፕላስቲክ ቀለም ነው ያደረግኩት። የወጥ ፍንጣሪ ከዘይት ቀለም ላይ በእርጥብ ጨርቅ ይነሳል።

ሴራሚክ ካማራችሁ ግድግዳውን በሙሉ አታልብሱ። ከምድጃውና ከሲንኩ ጀርባ 60 ሳንቲም ከፍታ ያለው አንድ መስመር በቂ ነው። ለቁርጥራጭና ለስብራት አንድ አሥረኛ ያህል ጨምራችሁ ግዙ። የእኛ በጋሪ ነው የመጣው፤ ሦስቱ መንገድ ላይ ቀሩ።

ካቢኔትና ጋዝ

የካቢኔቱ እንጨት ጤነኛ ከሆነ አትጣሉት። ተንጠልጥላ የነበረችውን በር ያዳንኳት በክብሪት እንጨት ነው። ብሎኑ የላላበት ቀዳዳ ውስጥ ኮላ የነካ የክብሪት እንጨት ጠቅጥቁ፣ አንድ ቀን ይደር፣ ከዚያ በካቻቢቴ መልሳችሁ እሰሩ። እጀታዎቹን ስቀይር ካቢኔቱ አዲስ መሰለ። አዲስ የምታሠሩ ከሆነ ከሲንክ ሥር ቺፕውድ አታስገቡ። ውሃ ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣል፣ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ኮምፔንሳቶ ወይም አሉሚኒየም ይሻላል፤ እሱም ከወለሉ 10 ሳንቲም ያህል በእግር ከፍ ይበል።

የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወለል ላይ ይተኛል። ሲሊንደሩን አየር በሚገባበት ቦታ አቁሙት እንጂ የተዘጋ ካቢኔት ውስጥ አትደብቁት። ጎማውን በገጠማችሁ ቁጥር መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል። የከሰል ምድጃም በር በተዘጋበት ማድቤት አይገባም፤ እኛ ቡናው ማንጎው ሥር ወጥቷል።

የቀረው መስኮቱ ነው። አዳማ ወባም ነፋስም አለ፤ መስኮት ዘግቶ መጋገር ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ የትንኝ ወንፊት አስገጥሙ። በሚስማር የተመታ ሳይሆን በፍሬም ሆኖ የሚወልቅ ይሁን። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ አውልቃችሁ ካላጠባችሁት አቧራው ይደፍነውና አየሩ ይቆማል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ማንጎው ላይ አስደግፌ በጎማ ውሃ እረጨዋለሁ። የሚወርደው ውሃ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል።