በጎንደር ሳሎን በአነስተኛ ገንዘብ የዙሪያ ድምፅ እንዴት ይዘረጋል?

ለሳሎኑ የዙሪያ ድምፅ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ፒያሳ ወጥቶ ከሱቅ ሱቅ ዋጋ በመጠየቅ ነው። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ካርቶኑ ላይ 5.1 ተብሎ የተጻፈበት፣ አምስት ትንንሽ ስፒከርና አንድ ትልቅ ባስ ያለው ዕቃ ገዝቼ ቤቴ ገባሁ፤ ገጣጥሜ ስከፍተው ግን ከሶፋው ጀርባ ያስቀመጥሁት ስፒከር ከፊት ያለው የሚናገረውን ቃል በቃል ይደግም ነበር። ዕቃው አልተበላሸም፤ ከቴሌቪዥኑ የሚደርሰው የሁለት መስመር፣ ማለትም የግራና የቀኝ ድምፅ ብቻ ስለ ነበረ ያንኑ ለአምስቱም ያከፋፍላል። ገንዘቤን ያወጣሁት በስፒከር ብዛት ላይ እንጂ በድምፁ ላይ እንዳልነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የማስቀምጠው ቅደም ተከተል ከመግዛት ሳይሆን ከመለካት ይጀምራል።

አስቀድሞ 5.1 የሚለው ቁጥር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አምስቱ የፊት ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የመሐል እንዲሁም የጎን ግራና ቀኝ ስፒከሮች ሲሆኑ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው አንድ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣው ሰብዉፈር፣ በተለምዶ ባስ የምንለው ነው። በፊልም ውስጥ ሰዎች የሚነጋገሩት አብዛኛው ቃል የሚመጣው ከመሐለኛው ስፒከር ነው። የጎኖቹ የሚሠሩት ለነፋስ፣ ለዝናብ፣ ለሕዝብ ጩኸትና ለመሳሰለው ስለ ሆነ ገንዘብ ካጠረ ለጊዜው ሊቆዩ ይችላሉ፤ መሐለኛው ግን ሊቆይ አይገባም።

የመጀመሪያው ሥራ ሳሎኑን በሜትር ለክቶ በወረቀት ላይ መንደፍ ነው። ርዝመቱ 5፣ ስፋቱ 4 ሜትር የሆነ ሳሎን እንውሰድ። ቴሌቪዥኑን ብዙ ሰው የሚያስቀምጠው በአጭሩ ግድግዳ ላይ ሲሆን ሶፋው ከትይዩው ግድግዳ ጋር ይለጠፋል። በዚህ አቀማመጥ አድማጩ ከፊት ስፒከሮቹ በጣም ስለሚርቅ ግራና ቀኙ ተጠጋግተው እንደ አንድ ይሰማሉ። በር፣ መስኮትና ቡፌ ካልከለከሉ ቴሌቪዥኑን ወደ ረጅሙ ግድግዳ ማዛወር ይሻላል። ስፒከሮቹ ከፊቱ ግድግዳ 40 ሳንቲ ሜትር ወጥተው፣ የአድማጩ ጭንቅላት ደግሞ ከኋላው ግድግዳ 80 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ በመካከላቸው 2.8 ሜትር ይቀራል። የፊት ግራና ቀኙን 3.2 ሜትር አራርቀው ሲያስቀምጡ እያንዳንዳቸው ከአድማጩ የሚኖራቸው ርቀትም 3.2 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ሦስቱም ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ነው፤ እያንዳንዱ ስፒከር ከመሐሉ መስመር 30 ዲግሪ ይርቃል ማለት ነው። ለመለካት አንድ ሲባጎ ይበቃል፦ በስፒከሮቹ መካከል ወጥረው ቋጠሮ ያድርጉበት፤ ከዚያ ቋጠሮውን ሳይለውጡ ከግራው ስፒከር ወደ መቀመጫው፣ ከመቀመጫውም ወደ ቀኙ ይውሰዱት።

የጎን ስፒከሮች ቦታ ከአድማጩ ሲታይ ከዚሁ የመሐል መስመር ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። በምሳሌያችን ይህ በጎን ግድግዳዎቹ ላይ፣ ከአድማጩ ጭንቅላት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ አልፎ የሚገኝ ቦታ ነው። ከፍታቸው ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሁን፤ እዚያ ላይ የልጆች እጅ አይደርስባቸውም፣ ቡና ሲፈላም ከረከቦቱ መንገድ ላይ አይቆሙም። መሐለኛው ከቴሌቪዥኑ በታች ቡፌው ላይ ሲቀመጥ እስከ መደርደሪያው ጠርዝ ወደ ፊት ይምጣና ፊቱ ወደ ጆሮ ቀና እንዲል ከሥሩ ትንሽ እንጨት ይደረግለት።

ወደ ገበያ ከመሄድዎ በፊት ሌላም ከኪስ የማያስወጣ ሥራ አለ። ሳሎኑ መካከል ቆመው አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገው ያጨብጭቡ። ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ ብሎኬት፣ ወለሉም ሊሾ ወይም ሴራሚክ ከሆነ ጭብጨባው ተንቀጥቅጦ ሲመለስ ይሰማሉ፤ በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ውድ ስፒከርም ቢሆን ንግግሩ ይደበላለቅበታል። ከሶፋው ፊት ወፍራም ምንጣፍ መዘርጋት፣ መስኮቱ ላይ ከበድ ያለ መጋረጃ መስቀል፣ ባዶው ግድግዳ ላይ ደግሞ ጋቢ ማንጠልጠል ቀጭኑን ድምፅ ይመጥጣል፤ በተለይ ጋቢው ከግድግዳው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ቢንጠለጠል የበለጠ ይሠራል። ወፍራሙን ድምፅ ግን ጨርቅ አያቆመውም። የጭቃ ቤት ባለቤቶች እንዲህ ያለው ማስተጋባት ብዙም አያስቸግራቸውም። የቆርቆሮ ጣሪያ ነገር ግን ለሁላችንም የጋራ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ዶፍ ሲወርድ ድምፅ መጨመር ጥቂት ነው የሚያግዘው። ስለዚህ የቤትዎን ድምፅ በክረምት ዝናብ ውስጥ አይመዝኑት።

ቀጥሎ የሚወሰነው የድምፁ መንገድ ነው፤ እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ነበር። ብሉቱዝና ቀይና ነጭ ጃክ ሁለት መስመር ብቻ ያስተላልፋሉ። እውነተኛ 5.1 የሚያልፈው በኤችዲኤምአይ ወይም በኦፕቲካል ገመድ ሲሆን፣ በሌላው ጫፍም ዶልቢ ዲጂታል ወይም ዲቲኤስ በሚባለው መንገድ ታሽጎ የሚመጣውን የ5.1 ድምፅ የሚፈታ መሣሪያ መኖር አለበት። ይህን የሚያደርገው አምፕሊፋየር በውጭ ሪሲቨር ስለሚባል ሱቅ ውስጥ ከዲሽ ሪሲቨር ጋር እንዳይምታታ «ለስፒከር የሚሆን» ብለው ይጠይቁ። ከቴሌቪዥንዎ ጀርባ ካሉት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች በአንዱ ላይ ኤአርሲ (ARC) የሚል ጽሑፍ ካለ ድምፁን ከቴሌቪዥኑ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚያወጣው እሱ ስለ ሆነ የሚጠቀሙት በእሱ ነው፤ ከሌለ ኦፕቲካሉ ይበቃል። ከተገጠመ በኋላ በቴሌቪዥኑ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ፒሲኤም (PCM) የሚለውን ድምፁን ሳይፈታ እንዳለ ወደሚያሳልፈው ቢትስትሪም (Bitstream) ወይም ወደ አውቶ (Auto) ይቀይሩ፤ በእነዚህ ሁለት መንገዶች ፒሲኤም የሚያደርሰው ሁለት መስመር ብቻ ነው። የሚያዩት ፊልም ራሱ በሁለት መስመር የተቀረጸ ከሆነ ግን የትኛውም ገመድ አምስት አያደርገውም።

አሁን ወደ ፒያሳ መሄድ ይቻላል። ካርቶን ላይ በፒኤምፒኦ (PMPO)፣ ማለትም ለቅጽበት ብቻ ይወጣል በሚባለው ጉልበት የተጻፈ የሺህ ዋት ቁጥር አይመኑ፤ የሚጠየቀው አርኤምኤስ (RMS)፣ ማለትም ያለማቋረጥ የሚወጣው ዋት ነው። እሱም ካልተገኘ ዕቃውን አዙረው ከጀርባው ከመብራት ስንት ዋት እንደሚወስድ ያንብቡ፤ 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ ያለማቋረጥ 1000 ዋት ሊያወጣ አይችልም። ደግሞም ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚያድገው በ3 ዴሲቤል ብቻ ስለ ሆነ በ50 እና በ100 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ለአንድ ሳሎን ያን ያህል ዋጋ አያወጣም። ያገለገለ አምፕሊፋየር በአነስተኛ ገንዘብ ከሚገኙት ሁሉ የተሻለው ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም ከጃፓን የመጣው በ100፣ ከአሜሪካ የመጣው በ120 ቮልት ሊሠራ ስለሚችል ሳያነቡ በእኛ 220 ላይ እንዳይሰኩት። ገንዘቡን አሥር ቦታ ቢከፍሉት አራቱን ለአምፕሊፋየሩ፣ ሦስቱን ለፊት ሦስቱ ስፒከሮች፣ ሁለቱን ለሰብዉፈሩ፣ የቀረውን ለገመድና ለስታብላይዘር ይያዙት። የጎኖቹ በሌላ ወር ይገዛሉ፤ እስከዚያ አምፕሊፋየሩ ላይ እንደሌሉ ከተነገረው የእነሱን ድምፅ ለፊቶቹ ያካፍላል።

ለስፒከር ተብሎ የሚሸጥ ውድ ገመድ አያስፈልግም። ለመብራት ሥራ የሚሸጠው ባለ ሁለት መስመር፣ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ለስላሳ ገመድ ለእንዲህ ያለ ርቀት በቂ ነው። በምሳሌው ሳሎን በግድግዳው ሥር ዞሮ ወደ ጎን ስፒከር የሚወጣው ለእያንዳንዱ 8 ሜትር ያህል ይፈጃል፤ በር መንገድ ላይ ካለ በመቃኑ ዙሪያ የሚሄደውን ይጨምሩበት። ፖዘቲቩ ከቀይ፣ ኔጋቲቩ ከጥቁር ጋር ይታሰር። ምልክቱ የጠፋበት አሮጌ ስፒከር ካጋጠመዎት ከአምፕሊፋየሩ ነቅለው ባለ 1.5 ቮልት የሰዓት ባትሪ ለቅጽበት ያስነኩት፤ የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ገፋ ካለ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ፖዘቲቩ ነው፣ ወደ ውስጥ ከገባ በተቃራኒው። ይህን ችላ ያለ ሰው ከፊቶቹ አንዱን አገላብጦ ካሰረው ባሱ ይሳሳል፣ ዘፋኙም መሐል ላይ መቆሙ ይቀርና ድምፁ በክፍሉ ውስጥ ይበተናል።

የሰብዉፈሩን ቦታ የሚያገኙት በመሞከር ነው። ሰብዉፈሩን እርስዎ በሚቀመጡበት ሶፋ ላይ ያኑሩትና ክራሩና ከበሮው የሚሰማበት ባስ ያለው ዘፈን ከፍተው በግድግዳው ሥር ጎንበስ ብለው ይዙሩ። አንዳንድ ቦታ ባሱ ይጮኻል፣ አንዳንድ ቦታ ይጠፋል፤ እያንዳንዱ ምት እኩል የሚሰማበት ቦታ ሲያገኙ ሰብዉፈሩን ወደዚያ ያዛውሩት። ጥግ ላይ ሲቀመጥ ባሱ ቢበዛም የሚበዛው እኩል አይደለም፤ ግድግዳው ከጎረቤት ጋር የጋራ ከሆነ ደግሞ እዚያ ማስጠጋቱ ጎረቤትን እንቅልፍ መንሳት ነው።

በመጨረሻ አምፕሊፋየሩ ይስተካከላል። ስፒከሮቹን በሙሉ «ትንሽ» ብለው ይምረጡና ባሱ የሚከፈልበትን ቁጥር 80 ሄርዝ ላይ ያድርጉት፤ ስፒከሮቹ መዳፍ የሚያህሉ ከሆኑ 120 ይሻላቸዋል። ርቀቶቹን በሜትር ያስገቡ፦ ለፊቶቹ 3.2፣ ለመሐለኛው 2.8፣ ለጎኖቹ 2.6። ከዚያ አምፕሊፋየሩ የሚያወጣውን የመፈተኛ ሹሹታ ከፍተው ስልክዎን በጆሮዎ ከፍታ ይዘው በድምፅ መለኪያ መተግበሪያ ሁሉንም ከመቀመጫው 75 ዴሲቤል ላይ ያመሳስሉ። ንግግር አሁንም ከደከመብዎት መሐለኛውን ብቻ 2 ዴሲቤል ያህል ከፍ ያድርጉት። መብራት ሲጠፋ ሁሉንም ይንቀሉ፣ ከተመለሰ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ። አሮጌ አምፕሊፋየር ብዙ ቀን ያለ መብራት ከቆየ ያስገቡትን ቁጥር ሊረሳ ስለሚችል ሁሉንም በወረቀት ጽፈው በቡፌው የውስጥ በር ላይ ይለጥፉት።