የመመረቂያ ጥናት፦ የሥነ ምግባር ፈቃድ ከማግኘት እስከ ተሳታፊ ማነጋገር

ብዙ ተማሪ የሥነ ምግባር ፈቃድን የማኅተም ጉዳይ አድርጎ ነው የሚያየው። ማኅተሙ በር ያስከፍታል እንጂ ውስጥ የተቀመጠችውን ታካሚ እሺ አያሰኝም። በአዲስ አበባ ጤና ጣቢያዎች የደም ግፊት ታካሚዎች መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ይወስዱ እንደሆነ ታጠናላችሁ እንበል።

መጀመሪያ ፕሮፖዛሉን አማካሪያችሁና ትምህርት ክፍሉ ያጽድቁት። ከዚያ ለዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ፣ ሁሉም አይአርቢ ለሚለው፣ ታስገባላችሁ። መጠይቁ፣ የመረጃ ቅጹና የስምምነት ቅጹ በአማርኛም ተዘጋጅተው አብረው ይግቡ። ቅጹ ላይ «የመድኃኒት ቁርኝት ምጣኔን ለመዳሰስ» ብላችሁ አትጻፉ። «መድኃኒትዎን አቋርጠው ያውቁ እንደሆነ፣ ካቋረጡም ለምን እንደሆነ ልጠይቅዎት ነው» በሉ።

ቦርዱ አስተያየት ጽፎ ቢመልሰው አትደንግጡ፤ የተለመደ ነው። ለእያንዳንዱ አስተያየት ምን እንዳስተካከላችሁና በየትኛው ገጽ እንደሆነ ጽፋችሁ መልሱ። ፈቃዱ ሳይወጣ ግን አንድም ሰው አታነጋግሩ።

ቀጥሎ ደብዳቤ ይዞ መዞር ነው፦ ጤና ቢሮ፣ ክፍለ ከተማ፣ ጤና ጣቢያ። ጤና ቢሮውም የራሱ ገምጋሚ ስላለው ጊዜ ያዙለት።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። እኛ አገር ሰው ይሉኝታ አለው። ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ከኃላፊው ደብዳቤ ይዞ የመጣን ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ ጋዋን አትልበሱ። የምታክማቸው ሲስተር ራሷ አትጠይቅ። ወረፋ ላይ እያሉም አታነጋግሯቸው፤ እምቢ ካሉ አገልግሎት የሚቀርባቸው ይመስላቸዋል። ታክመው፣ መድኃኒታቸውን ይዘው ሲወጡ ጠብቋቸው።

«እማማ፣ ተማሪ ነኝ። ለጥናቴ ጥቂት ጥያቄዎች ነበሩኝ። ባይፈልጉ ክትትልዎ አይነካም።»

«አንተ ካልክ እሺ ልጄ» ካሏችሁ ገና አልተስማሙም። «ስለ ምን እንደምጠይቅዎት እስኪ ይንገሩኝ» በሏቸው። መልሰው ማስረዳት ካልቻሉ እንደገና አብራሩ። ማንበብ ለማይችሉ ቅጹ የጥናቱ ሰው ባልሆነ ምስክር ፊት ይነበብና በጣት አሻራ ይፈርማሉ። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ተሳታፊ ደግሞ የወላጅ ፈቃድም የልጁም እሺታ ያስፈልጋል።

ስም መጠይቁ ላይ አይጻፍ፤ ኮድ ይበቃል። የተፈረመውን ቅጽ ለብቻው ቆልፉበት። የጤና መረጃ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥበቃ የሚደረግለት ነው።

ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ላይ የተሳታፊዎች ብዛት 422 ወይም 423 ተብሎ ታያላችሁ። በተለመደው የናሙና መጠን ቀመር 384 ይወጣና ለማይመልሱ 10 በመቶ ይጨመርበታል። ሰው የሚጨነቀው ይህን ቁጥር ለመሙላት ነው፤ መረጃ ሰብሳቢዎችም ታካሚውን መለማመጥ የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነው። ጭማሪው እኮ የተያዘው ለእምቢታ ጭምር ነው! እምቢ ያሉትን ቆጥራችሁ በሪፖርታችሁ ጻፉ። ሰው ካነሰና ሌላ ጤና ጣቢያ መጨመር ካለባችሁ መጀመሪያ ለቦርዱ የማሻሻያ ጥያቄ አስገቡ።

በጥያቄው መሃል አንዷ እናት ብር አጥሯቸው መድኃኒቱን እንዳቋረጡ ሊነግሯችሁ ይችላሉ። መልሱን መጠይቁ ላይ ሞልታችሁ ብቻ አትለፉ። «ለሲስተሯ ልንገርልዎት?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ እሺ ካሉ ክትትል ክፍል ድረስ አብራችሁ ሂዱ።