የሰኔ ጓሮ አምሮዎት ሲጀምሩ የሚሠሩ ስህተቶች

ሰኔ ሲገባ ከአቃቂ እስከ ለገጣፎ ያሉ ግቢዎች በአንድ ሳምንት ይለወጣሉ። አቧራ ለብሶ የከረመው ጽጌረዳ ይታጠባል፤ ጄራኒየሙ አጥር ላይ ይደምቃል፤ ጤና አዳሙ ገና ከበሩ ይሸታል። ያየ ሁሉ ዶማ ያነሣል። ግን በሰኔ ያማረው ጓሮ መደቡ የተነሣው፣ ፍጉም የበሰለው ከግንቦት በፊት ነው። ዘግይቶ የጀመረ ሰው ክረምቱን ሙሉ የሚታገለው ከውሃ ጋር ነው።

አበባውን አይቶ አፈሩን አለማየት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። እንጦጦ ግርጌ ቀይ አፈር ላይ ያማረ ተክል አቃቂ ወይም ቦሌ አራብሳ መረሬ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) ላይ ሊሞት ይችላል። መረሬ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ዝናብ ሲጠግብ ያብጥና ስንጥቁን ዘግቶ ውሃውን ከላይ ያቁራል። ሥሩ አየር ሲያጣ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ይሆናል። ባለቤቱ «ማዳበሪያ አንሶት ነው» ብሎ ዩሪያ ይጨምራል። የታፈነ ሥር ግን ምግቡን አይስብም፤ ብሩ ከጎርፉ ጋር ይሄዳል።

ስለዚህ ከመትከልዎ በፊት 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉት። ሲሰርግ ደግመው ይሙሉና በማግስቱ ይዩት። ውሃው ካደረ መደብ ማንሣት ግድ ነው፦ ወርዱ 1 ሜትር፣ ከፍታው 30 ሴንቲሜትር፣ በየመካከሉ 40 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቦይ። ወርዱ ከዚያ ከሰፋ መሃሉን ለመኮትኮት መርገጥ ይመጣል፤ እርጥብ ሆኖ የተረገጠ መረሬ ሲደርቅ ጡብ ነው። (ቦዩን ወደ ጎረቤት አጥር አያውጡት፤ የክረምት ጠብ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይጀምራል።)

የሚቆፈርበትን ቀን የሚነግርዎትም አፈሩ ራሱ ነው። አንድ እፍኝ ጨብጠው በአውራ ጣት ይጫኑት። ከተፈረፈረ ይቆፍሩ። እንደ ሊጥ ተለጥጦ ካብለጨለጨ ዶማውን ያስቀምጡ።

ለአቮካዶ ገንዳ መቆፈር

60 በ60 ሴንቲሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ በኮምፖስት መሙላት ቀይ አፈር ላይ ያስኬዳል። መረሬ ላይ ግን ጉድጓዱ የዙሪያውን ውሃ የሚያጠራቅም ገንዳ ይሆንና የአቮካዶው ሥር ይበሰብሳል። እዚያ ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ ሰፊ የአፈር ቁልል ሠርተው ቁልሉ ላይ ይትከሉ። የተዳቀለበት (ሁለቱ ግንድ የተጋጠመበት) ቦታ ከአፈር በላይ ይታይ።

ጥሬ ፍግ

በተለይ የዶሮ ኩስ። ጥሬው ሲሞቅና አሞኒያ ሲያወጣ ለጋ ሥር ያቃጥላል። አርጥበው እያገላበጡ 3 ወር ያህል ያቆዩት። እጅዎን ቁልሉ ውስጥ ሲያስገቡ ካልሞቀ፣ አፍንጫም ካልወጋ ደርሷል። የበሰለ የከብት ፍግ ለ1 ካሬ ሜትር ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይበቃል፤ የዶሮ ከሆነ ግማሹን።

ቲማቲም በሰኔ

ብርድና እርጥበት ሲገናኙ ምች የሚባለው የቅጠል በሽታ ይመጣል፦ ቅጠሉ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ጠቆር ያለ ነጠብጣብ፣ ጠዋት ሲገለብጡት ከሥሩ ነጭ ሻጋታ። ከያዘ በኋላ መድኃኒት መርጨት ብዙም አይመልሰውም። ቲማቲም ካማረዎት ጎኑ ክፍት የሆነ የላስቲክ ጣሪያ ይሥሩለት። ለክረምት የሀበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር ይሻላሉ። ጎመኑን በ40 ሴንቲሜትር ርቀት ይትከሉት፤ ሲጠጋጋ ነፋስ ስለማይገባው ቅጠሉ ይሻግታል።

ያበበውን ጫፍ ለምኖ መትከል

«እትዬ፣ ከዚህች ጽጌረዳ አንድ ዘንግ ይስጡኝ» ሲሉ ዓይንዎ ያረፈበትን አበባ ይተዉት። አበባ የያዘ ጫፍ ጉልበቱ ወደ አበባው ስለሚሄድ ሥር ለማውጣት ይሰንፋል። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር የሚረዝም፣ 3 ወይም 4 ዓይን (ቡቃያ የሚወጣበት እብጠት) ያለው ዘንግ ይጠይቁ። ከታች ከዓይኑ ሥር ሰያፍ፣ ከላይ ቀጥ አድርገው ይቁረጡት፤ ያኔ ላይና ታቹ አይምታታም። ሁለት ሦስተኛውን አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር ውስጥ ይቅበሩት። ሥር ይዞ እንደሆነ ለማየት እየነቀሉ አይፈትሹት፤ ማወቅ ካማረዎት በጣት ቀስ ብለው ሳብ ሲያደርጉት ከተቃወመ ይዟል።

ጄራኒየም ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቆርጠው ወዲያው ከተከሉት ግንዱ ከታች ጠቁሮ ይበሰብሳል። ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ አሳድረው ይትከሉት።

ሣሩን መላጨት

በአንድ ጊዜ ከርዝመቱ ሲሶ በላይ አይጨዱ፤ እርጥብ ሳለም አይንኩት።

ቀንድ አውጣን ጠዋት ቅጠል ላይ መፈለግ

ቅጠሉ ተበልቶ ያገኙታል እንጂ በይውን አያገኙትም። ማታ መደቡ አጠገብ እርጥብ ጣውላ ወይም ጆንያ ያንጥፉ። ሲነጋ ፀሐይ ሳይወጣ ይገልብጡት፤ ከሥሩ ተሰብስቦ ይጠብቅዎታል።