የሚሲሲፒን የጣት ጊታርና የማሊን ኮራ በአንድ እጅ ማዋሃድ፦ እንዴት እንደሚሠራ

በጣት የሚደረደር ጊታር የአሜሪካን የገጠር ብሉዝና የምዕራብ አፍሪካን ሙዚቃ አንድ ላይ መያዝ የሚችለው ሁለቱ የሚገናኙት በአውራ ጣት ላይ ስለሆነ ነው። በሚሲሲፒ ግዛት አቫሎን በተባለች የገጠር መንደር የኖረውና በ1928 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሸክላ ያስቀረጸው ጆን ኸርት፣ በአውራ ጣቱ ወፍራሞቹን ክሮች ሳያቋርጥ እያፈራረቀ በሌሎቹ ጣቶቹ ዜማውን ከላይ ይጫወት ነበር። በማሊ፣ በጊኒ፣ በጋምቢያና በሴኔጋል የሚገኘው ኮራ የተባለው ባለ 21 ክር መሣሪያ ደግሞ የሚደረደረው በሁለቱ አውራ ጣቶችና በሁለቱ ሌባ ጣቶች ብቻ ሲሆን፣ የቀሩት ጣቶች የመሣሪያውን መያዣ እንጨቶች ጨብጠው ይቆያሉ። የኸርት አውራ ጣት ምቱን ይጠብቃል፤ የኮራው አውራ ጣት ግን ምቱን ከመጠበቅ አልፎ የራሱን ሐረግ ይጫወታል። ይህን ልዩነት በእጁ ያላወቀ ሰው ሁለቱን ሙዚቃዎች ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል እንጂ አያዋህዳቸውም።

መሣሪያና ቅኝት

ውድ ጊታር አያስፈልግም። የብሉዝ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ የብረት ክር ነው፤ የዛሬው ኮራ ክር ደግሞ በብዛት የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ስለሆነ ሁለቱም ዓይነት ጊታር ያገለግላል። ምርጫ ካለዎት ናይለኑን እመክራለሁ፤ የማሊውን ኮራ ተጫዋች የቶማኒ ዲያባቴን ሥራዎች ወደ ጊታር ያመጣው ደቡብ አፍሪካዊው ደሪክ ግሪፐርም የሚጫወተው በክላሲካል ጊታር ነው። በአውራ ጣት ላይ የሚጠለቀውን ፒክ (ክር መምቻ) ግን ለዚህ ሥራ አልደግፈውም፤ ድምፁን ያጎላል፣ ነገር ግን አውራ ጣት አንዱን ድምፅ ከሌላው ለስለስ አድርጎ የመንካት አቅሙን ይቀንስበታል።

6ኛውን ወፍራም ክር ከኢ ወደ ዲ ዝቅ ያድርጉ፤ ከ4ኛው ክር ጋር በአንድ ኦክታቭ ሲገጥም፣ ማለትም ያንኑ ድምፅ ወፈር አድርጎ ሲሰጥ፣ ትክክል ነው። ከዚህ በኋላ 6ኛው፣ 5ኛውና 4ኛው ክር ሳይጫኗቸው ዲ፣ ኤ፣ ዲ ስለሚሰጡ የግራ እጅዎ ከቤዝ (ከወፍራሞቹ ክሮች) ሥራ ነጻ ይሆናል። በግራ እጅዎ የሚጫኑት ለጊዜው 2ኛውን ክር በ3ኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ ካሉት መከፋፈያዎች ሦስተኛው) ላይ ብቻ ነው።

የአሜሪካው አውራ ጣት

አውራ ጣትዎን በእኩል ምት 6ኛ፣ 4ኛ፣ 5ኛ፣ 4ኛ ክር እያሉ ያመላልሱ። ብዙ የአሜሪካ ጊታሪስቶች የእጃቸውን መዳፍ ጠርዝ በቤዝ ክሮቹ ላይ አሳርፈው ድምፁን ያፍኑታል፤ እዚህ ግን ክሮቹ እንዲያስተጋቡ ይተዉአቸው። ከአጠገብዎ ካለ ሰው ጋር እያወሩ ምቱ ካልተዛባ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ሦስት በሁለት ላይ

አስቸጋሪው ሥራ እዚህ ይጀምራል። ጊታሩን አስቀምጠው እስከ 6 እየቆጠሩ በጠረጴዛ ላይ ይጀምሩ፤ ቀኝ እጅ በ1 እና በ4፣ ግራ እጅ በ1፣ በ3 እና በ5 ይምታ። ሁለቱ አብረው የሚወድቁት በ1 ላይ ብቻ ነው፤ 2 እና 6 ባዶ ናቸው። በጭክጭካ ምት ያደገ ጆሮ ይህን ስሜት አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የሚቸገረው ጣት ነው።

ወደ ጊታሩ ሲመለሱ አውራ ጣት በ1 ላይ 6ኛውን፣ በ4 ላይ 4ኛውን ክር ይምታ፤ ሌባ ጣት ደግሞ በ1፣ በ3 እና በ5 ላይ 2ኛውን ክር ይምታ። አብዛኛው ጀማሪ 3፣ 4 እና 5ን እንደ አንድ ሩጫ ስለሚሰማቸው ባዶውን 6 ያሳጥረዋል፤ በዚህም ዑደቱ ሳይታወቅ ይፈጥናል። መድኃኒቱ በእግር 1 እና 4ን እየመቱ አንድ ጊዜ አውራ ጣትን ብቻ፣ ሌላ ጊዜ ሌባ ጣትን ብቻ ጎላ አድርጎ መጫወት ነው። ሁለቱ ጣቶች የሁለት የተለያዩ ሰዎች ድምፅ መስለው እስኪሰሙ ድረስ ይህን ማለፍ አይገባም። ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ መሣሪያ) ከተጠቀሙ በ1 ላይ ብቻ እንዲመታ ያድርጉት፤ ስድስቱንም ቁጥር የሚመታ ሜትሮኖም የእርስዎን ሥራ ይሠራልዎታል፣ ሲጠፋም ምቱ አብሮ ይጠፋል።

አውራ ጣት ሐረግ ሲጫወት

አሁን ዑደቱን ወደ 12 ያሳድጉት። አውራ ጣት በ1፣ በ4፣ በ7 እና በ10 ላይ የተለመደውን 6ኛ፣ 4ኛ፣ 5ኛ፣ 4ኛ ክር ይመታል፤ ሌባ ጣት በሁሉም ጎዶሎ ቁጥሮች ላይ ይወድቃል። እስከዚህ ድረስ አውራ ጣቱ አሜሪካዊ ነው። ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ በ7 ላይ ይመታ የነበረው 5ኛ ክር አንድ ቁጥር ቀድሞ በ6 ላይ ይመታ፣ 7ን ሌባ ጣት ብቻውን ይያዘው። ከ3 እስከ 7 ሌባ ጣትና አውራ ጣት ሳያቋርጡ ሲቀባበሉ ይሰማሉ፤ ቤዙም ከምት ጠባቂነት ወጥቶ የራሱ ቅርጽ ያለው ሐረግ ይሆናል። ኮራን የሚጫወቱት የምዕራብ አፍሪካ ማንዲንካዎች እንዲህ ያለውን ተደጋጋሚ መሠረት ኩምቤንጎ ይሉታል።

አደጋው እግር ነው። አውራ ጣት በ6 ላይ ሲቀድም እግርም አብሮ መቅደም ይፈልጋል፤ ከተከተለ 12ቱ ቁጥር 11 ይሆናል። እግርዎ በ7 ላይ መውደቁን ሳይተው አውራ ጣትዎ በ6 ላይ መቅደም አለበት። ይህን በዝግታ፣ በጣም በዝግታ ይሥሩት። የጣት ቦታን በቁጥር ብቻ የሚያሳዩ የኢንተርኔት ቪዲዮዎች እዚህ ላይ አይረዱም፤ የትኛው ክር እንደሚመታ ያሳያሉ፣ መቼ እንደሚመታ ግን ጆሮ ነው የሚነግርዎት። በማሊ የኒያፉንኬ ከተማውን ጊታሪስት አሊ ፋርካ ቱሬን (1939–2006) እና በ1999 አሜሪካዊው ታጅ ማሃል ከቶማኒ ዲያባቴ ጋር የቀረጸውን ሥራ ሲያዳምጡ ዜማውን ትተው ቤዙን ብቻ ይከተሉ።

ሩጫውን መጨመር

ኮራ ተጫዋቾች በኩምቤንጎው መካከል ቢሪሚንቲንጎ የሚባል ፈጣን የፈጠራ ሩጫ ያስገባሉ። ከ7 እስከ 12 በየቁጥሩ አንድ ድምፅ ይምቱ፦ 1ኛ ክር 3ኛ ፍሬት፣ 1ኛ ክር 1ኛ ፍሬት፣ 2ኛ ክር 3ኛ ፍሬት፣ 2ኛ ክር 1ኛ ፍሬት፣ 3ኛ ክር 2ኛ ፍሬት፣ በመጨረሻም 3ኛው ክር ሳይጫን። እነዚህ ድምፆች የሚወጡበት ባለ አምስት ድምፅ ስኬል በብሉዝ ውስጥም በአሊ ፋርካ ጊታር ውስጥም የሚሰማ ስለሆነ ሩጫው ከሁለቱም ወገን አይነጠልም። በሩጫው ጊዜ አውራ ጣት ማረፍ ይችላል፤ ቀጥሎ ባለው 1 ላይ ግን 6ኛውን ክር ይዞ መመለስ አለበት።

ጨዋታዎን በስልክ ይቅረጹና ሲያዳምጡ በእግርዎ 1፣ 4፣ 7 እና 10ን ይምቱ። ከሩጫው ሲመለሱ እግርዎና 6ኛው ክር እኩል ካልወደቁ፣ ፍጥነቱን ከመቀየርዎ በፊት 12ኛው ቁጥር ሙሉ ርዝመቱን ማግኘቱን ያረጋግጡ።