የሆቴል ነጥብ የባልና ሚስት ነው፣ ደረጃው ግን የአንድ ሰው

የምኖረው ደሴ ነው፤ ሥራዬ ሒሳብ ነው። የቤታችንንም ሒሳብ የምይዘው እኔ ነኝ። ባለቤቴን መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠናና ለስብሰባ አዲስ አበባና ናይሮቢ ይልከዋል። ትልልቅ የሆቴል ድርጅቶች ላደረ አባል ነጥብ ይሰጣሉ፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ያለ ገንዘብ ክፍል ይያዝበታል። ክፍሉን የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ ቢሆንም ነጥቡ የሚገባው እዚያ ባደረው ሰው አካውንት ነው። እሱ ሲሄድ ልጆቹን ትምህርት ቤት የማደርሰው፣ የታመመ ካለ ሐኪም ቤት ይዤ የምሮጠው እኔ ነኝ። ስለዚህ ያ ነጥብ ልክ እንደ ደመወዙ የቤቱ ንብረት ነው ብዬ አምናለሁ። በየቤቱ ግን ማንም ሳይነካው ይጠፋል። ማሪዮት፣ ሂልተንና ሃያት የሚባሉት የሆቴል ድርጅቶች አካውንቱ ላይ ለ24 ወር ምንም እንቅስቃሴ ካላዩ ነጥቡን ይሰርዙታል።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የእነዚህ ድርጅቶች ሆቴል የለም። ነጥቡ የሚጠራቀመው ከወሎ ወጥተን ነው። አዲስ አበባ ሸራተን ቦንቮይ በሚባለው የማሪዮት የነጥብ ፕሮግራም ውስጥ ነው። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው ሃያት ሬጀንሲ ደግሞ የራሱ ፕሮግራም አለው። ዱባይ፣ ናይሮቢና ጅዳ ከሄዳችሁ ሁሉንም ታገኛላችሁ።

ከሁሉ በፊት ነጥብና ደረጃን ለዩ። ነጥብ ከባል ወደ ሚስት፣ ከሚስት ወደ ባል ይዛወራል። ብዙ ሌሊት ላደረ አባል የሚሰጠው፣ እንደ ነፃ ቁርስ ያለ ጥቅም የሚያስገኘው ሲልቨር፣ ጎልድ፣ ፕላቲነም የሚባለው ደረጃ ግን አይዛወርም። ባል ፕላቲነም ስለሆነ ሚስት ፕላቲነም አትሆንም። የምትጠቀመው አብራው ስታድር ነው።

ሁለታችሁም የየራሳችሁን አካውንት ዛሬውኑ ክፈቱ። ለየብቻ ኢሜይል ያስፈልጋል፤ በባል ኢሜይል ሁለት ሰው መመዝገብ ጣጣ ያመጣል። ቶሎ ክፈቱ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ማሪዮት ላይ ነጥብ ለማዛወር አካውንቱ እንቅስቃሴ ካለው ቢያንስ 30 ቀን፣ ከሌለው 90 ቀን የቆየ መሆን አለበት። ጉዞው ሲደርስ ከከፈታችሁት አይደርስላችሁም።

ስም ላይ ረጋ በሉ። እኛ አገር ሚስት የባሏን ስም አትይዝም። እኔ በአባቴና በአያቴ፣ እሱ በአባቱና በአያቱ ስም ነው የምንጠራው። ሰው ይህን እያሰበ ይሰጋል። አብሽሩ፣ ችግር የለውም። ማሪዮትም ሂልተንም ለነጥብ ዝውውር የጋብቻ ወረቀት አይጠይቁም፤ ወዳጅም ለወዳጁ ማዛወር ይችላል። ችግር የሚፈጥረው የፊደሉ አጻጻፍ ነው። መሐመድ አንዱ ፓስፖርት ላይ በሁለት ኤም፣ ሌላው ላይ በአንድ ኤም ይጻፋል። አንዱ በኦ፣ ሌላው በዩ ይጽፈዋል። ሰይድም እንዲሁ በብዙ ዓይነት ይጻፋል። አካውንቱን ስትሞሉ ፓስፖርቱን ፊት ለፊት ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል ገልብጡ። የአያት ስምም ፓስፖርቱ ላይ ካለ እንዳለ ይግባ።

አሁን ወደ ማዛወሩ። ሂልተን ላይ ነጥብን በአንድ ላይ ማዋጣት ይቻላል። ነፃ ነው፤ አንድ ሰው ከሌሎች 10 አባላት ጋር መዋጮ ሊገባ ይችላል። ማሪዮት ላይም ነፃ ነው፤ በአንድ የፈረንጅ ዓመት እስከ 100,000 ነጥብ መስጠት ይፈቀዳል። ሃያት ላይም ነፃ ነው፤ ግን በ30 ቀን አንዴ ብቻ ነው፤ ዓላማውም ክፍል ለመያዝ የጎደለውን መሙላት ነው። ለማዛወር ገንዘብ የሚጠይቁ ፕሮግራሞችም አሉ። በእኔ እምነት ለዚያ መክፈል አያዋጣም።

እንደ ዕቁብ አስቡት። ዕጣው የሚወጣለት ሰው ሲታወቅ ነው ገንዘቡ ወደ እሱ የሚሄደው። ነጥብንም ክፍል ከመያዛችሁ በፊት ዝም ብላችሁ አታዘዋውሩ። መጀመሪያ የትኛው ሆቴል፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ነጥብ እንደሆነ አፑ ላይ እዩ። ክፍሉ መኖሩን አረጋግጡ። ከዚያ የጎደለውን ያህል ብቻ አዛውሩ።

ደግሞም ብዙ ጊዜ ማዛወሩ ራሱ አያስፈልግም። ባል ከራሱ ነጥብ ለሚስቱ ክፍል መያዝ ይችላል። ሂልተንና ሃያት ላይ በእንግዳዋ ስም መያዝ ቀላል ነው። ማሪዮት ላይ ለደንበኞች አገልግሎት ደውሎ ስሟን ማስገባት ይሻላል። ስሟ ሳይገባ ብቻዋን ብትሄድ ሪሴፕሽን ላይ ትቆማለች። በሌሊት ደክሟት ለደረሰች ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነጥቡ በማን አካውንት ይጠራቀም? ሂልተን ላይ መልሱ ግልጽ ነው፤ ደረጃ ባለው ሰው። ከሲልቨር ጀምሮ ያለ አባል አምስት ሌሊት ሙሉ በሙሉ በነጥብ ሲይዝ አምስተኛው ነፃ ነው። ደረጃ የሌለው ይህን አያገኝም። ስለዚህ የሚስት ነጥብ ወደ ባል ይሂድ፣ ወይም ባሏ ደረጃ ከሌለውና እሷ ካላት የእሱ ወደ እሷ ይምጣ። ማሪዮት ላይ ግን አምስት ሌሊት በነጥብ ለያዘ ለማንኛውም አባል አንዱ ሌሊት ነፃ ነው።

ደረጃውን በተመለከተ ሌሊቱን አትከፋፍሉ። ማሪዮት ላይ ጎልድ በ25፣ ፕላቲነም በ50 ሌሊት ይገኛል። ባል 30፣ ሚስት 20 ሌሊት ቢያድሩ አንዱ ጎልድ፣ አንዷ ሲልቨር ሆነው ይቀራሉ። ከእነዚህ ሌሊቶች አብራችሁ ያደራችኋቸው ካሉ ግን ወደ ደረጃው በቀረበው ሰው አካውንት አስይዟቸው። ልጆች ኖረው ሁለት ክፍል ከያዛችሁ ከፋዩ አባል አንዱ ውስጥ እስካደረ ድረስ እስከ ሦስት ክፍል ነጥብ ይቆጠርለታል። ለደረጃ የሚቆጠረው ሌሊት ግን የአንዱ ክፍል ብቻ ነው።

ክፍሉን ከሆቴሉ ድረ ገጽ ወይም አፕ ላይ ያዙ። የብዙ ሆቴሎችን ክፍል በሚሸጡ አገናኝ ድረ ገጾች ከያዛችሁ አብዛኛውን ጊዜ ነጥብም ሌሊትም አይቆጠርም። ለስብሰባ መሥሪያ ቤት በጅምላ የያዘው ክፍል ከሆነ አዘጋጁን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ደረሰኙንም አስቀምጡ።

ስትገቡ ሪሴፕሽን ላይ የሁለታችሁም ስም ክፍሉ ላይ እንዲመዘገብ አድርጉ። ሁለት ፓስፖርት አብሮ መስጠት በቂ ነው። ነፃ ቁርስና ላውንጅ ብዙውን ጊዜ ለአባሉና ክፍሉ ላይ ለተመዘገበ አንድ ሰው ነው። ባል ጠዋት ስብሰባ ቢገባና ሚስት ብቻዋን ቁርስ ብትወርድ የክፍሉን ቁጥርና ስሟን ትናገራለች፤ ስሟ ካለ የሚያስቸግራት የለም። በረመዳን የቁርሱ ሰዓት ለጾመኛ አይመችም። ከአንድ ቀን በፊት ለሱሁር የሚሆን እንዲያዘጋጁላችሁ ጠይቁ። ግዴታ የለባቸውም፣ ግን መጠየቅ ተገቢ ነው። በዐቢይ ጾምም የጾም ምግብ እንዳለ አስቀድማችሁ እወቁ።

የደረጃ ጥቅም የሚገኘው ከአባሉ ጋር አብሮ ሲታደር ነው ከሚለው ደንብ ውጭ የማውቀው የሃያትን ብቻ ነው። ብዙ ሌሊት ላደሩ አባላት የሚሰጥ የእንግዳ መብት አለ፤ አባሉ ሳይኖር እንግዳው ራሱ ግሎባሊስት የሚባለውን የሃያት ከፍተኛ ደረጃ ጥቅም ያገኛል። ግሎባሊስት የሚኮነው በ60 ሌሊት ነው።

እኛ ቤት አሁን የምናጠራቅመው ለአማቴ ዑምራ ነው። መካ ላይ ከሐረም አጠገብ ጀበል ዑመር የሚባለው ቦታ ሂልተንም ሃያትም አለ። በረመዳን የሚጠየቀው ነጥብ ስለሚንር ሌላ ወር መርጠናል። ክፍሉ በስሟ ይያዛል፤ ፓስፖርቷ ላይ ባለው ፊደል። እኛ ስለማንኖር የባለቤቴ ደረጃ እዚያ አይሠራላትም። ስለዚህ ቁርስ ያለው መሆኑን ከመያዛችን በፊት እናረጋግጣለን። ጉልበቷን ስለሚያማት ደግሞ ሊፍት አጠገብ ያለ ክፍል እንዲሰጧት ለሆቴሉ በጽሑፍ እንጠይቃለን።