ድንጋዩን ተዉት፣ በመሃሉ ያለውን አፈር ለኩ

በላቫ ፍሰት ላይ የእሳተ ገሞራ አመድ ወርዶ የሠራው መሬት የደረሳቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ድንጋዩን እንዴት እናውጣው?» የአፈር ጥናት ባለሙያ ነኝ፤ እንጀራዬ ጉድጓድ መቆፈር ነው። መልሴ ብዙውን ጊዜ አያስደስታቸውም። አታውጡት። ግማሹ ድንጋይ የሆነን መሬት ለቅማችሁ ብትጨርሱ የሚቀራችሁ ግማሽ መሬት ነው፤ ከታች ደግሞ ያው ላቫ ይጠብቃችኋል። ይልቅ በድንጋዮቹ መሃል ስንት ሊትር አፈር እንዳለ እወቁ። ስንት ቀን ውኃ እንደሚያቆይ፣ ምን ያህል ማዳበሪያ እንደሚፈልግ የሚታወቀው ከዚያ ቁጥር ነው።

መጀመሪያ በድጅኖ

ድጅኖ ያዙና መሬቱን በየሁለት ሜትሩ ውጉት። ስንት ሴንቲ ሜትር እንደገባና ሲቆም ምን ድምፅ እንዳሰማ በወረቀት ላይ ጻፉ። አንድ ጊዜ ወግታችሁ ድጅኖው ቢቆም ምንም አልተረጋገጠም፤ የመታችሁት አንድ ብቸኛ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። አጠገብ ለአጠገብ ሦስት ጊዜ ውጉ። ሦስቱም በተቀራራቢ ጥልቀት ከቆሙ የላቫው ገጽ ላይ ደርሳችኋል ማለት ነው። በአንድ እርምጃ ልዩነት ጥልቀቱ ከ15 ሴንቲ ሜትር ወደ 80 ቢዘልም አትገረሙ። አመድ ሲወርድ ጉብታውንም ጎድጓዳውንም እንደ ብርድ ልብስ እኩል ያለብሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጎርፍና ነፋስ ከጉብታው ላይ ገፈው ወደ ጎድጓዳው ያወርዱታል።

ድምፁን ጻፉ ያልኩት በምክንያት ነው። የላቫ ፍሰት ገጽ በዋናነት ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ ሁለቱም በዓለም የሚታወቁት በሃዋይ ስማቸው ነው። አአ የሚባለው ሸካራ ነው፤ ላዩ የተሰባበረ፣ ሹል፣ እርስ በርሱ ያልተያያዘ ክምር ነው። ድጅኖው እየተንኮሻኮሸ፣ አንዴ እየተቀረቀረ አንዴ እየሾለከ ይገባበታል። ደቃቁ አፈር በስብርባሪው መሃል ወደ ታች ይወርዳል፣ ሥርም ተከትሎት ይሄዳል፣ ውኃ አይቆምበትም። ፓሆይሆይ የሚባለው ደግሞ ገጹ ለስላሳና ወጥ ነው፤ ድጅኖው «ጥን» ብሎ ይመለሳል። ውኃም ሥርም ሊያልፉ የሚችሉት በስንጥቆቹ ብቻ ነው። ዛፍ ለመትከል ምረጥ ብትሉኝ ስንጥቅ በሌለው ፓሆይሆይ ላይ ከተኛ 50 ሴንቲ ሜትር አፈር ይልቅ በአአ ላይ ያለውን 20 ሴንቲ ሜትር እወስዳለሁ።

አመዱ አፈር ሆኗል ወይስ ገና ነው?

የእሳተ ገሞራ አመድ የሚባለው ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰው ቅንጣት ነው። በውስጡ በፍጥነት ከመቀዝቀዙ የተነሳ ክሪስታል መሥራት ያልቻለ መስታወት በብዛት ይገኛል። ዝናብ በሚበዛበት ቦታ ይህ መስታወት ከሌሎቹ ማዕድናት ቀድሞ ይበሰብሳል፤ ከእሱ የሚወጣው አሉሚኒየምና ሲሊካም አሎፌንና ኢሞጎላይት የተባሉ ማዕድናትን ይፈጥራል። የአሎፌን አንዷ ቅንጣት ወርዷ ከ5 ናኖ ሜትር የማይበልጥ፣ ውስጧ ባዶ የሆነ ኳስ ናት። እንዲህ ያለ ደቃቅና ክፍት ነገር እጅግ ሰፊ ገጽ ስላለው ውኃን አጥብቆ ይይዛል፣ ብስባሽን ይዞ አፈሩን ያጠቁራል፣ ፎስፈረስንም ይነጥቃል። ደረቅ በሆነ አገር ግን ለውጡ ዘገምተኛ ስለሆነ አመዱ ለረጅም ዘመን ልክ አሸዋ ሆኖ ሊቆይ ይችላል።

የትኛው እጃችሁ ላይ እንዳለ ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። እርጥብ አፈር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ይዛችሁ አጥብቃችሁ እሹት። የበሰበሰ አመድ ከሆነ መጀመሪያ ይጠነክራል፣ ከዚያ በድንገት ይለቅና ጣታችሁ ላይ ውኃ አውጥቶ ይንሸራተታል። ገና መስታወት ከሆነ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይቆረቁራል። ሌላው ምልክት ክብደቱ ነው፤ የበሰበሰ ከሆነ አንድ አካፋ ስታነሡ ከጠበቃችሁት ቀልሎ ታገኙታላችሁ።

የፒኤች (የአሲድነት) መለኪያ ያለው ሰው በኬሚካል ማረጋገጥ ይችላል። 1 ግራም አፈር በ50 ሚሊ ሊትር ባለ 1 ሞላር ሶዲየም ፍሎራይድ ውስጥ ያማስላል፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ፒኤቹ ከ9.5 ካለፈ ንቁ አሉሚኒየም አለ፣ አመዱ በስብሷል ማለት ነው። የኖራ ድንጋይ ያለበት አፈር ግን አመድ ባይሆንም ያንኑ ቁጥር ስለሚሰጥ ያታልላል። ሶዲየም ፍሎራይድ መርዝ ነው፤ ጓንት ሳያደርጉ፣ ልጆች ባሉበትም አይነካም። እኔ በሜዳ የማምነው ጣቴን ነው።

ዋናው ሥራ፦ ጉድጓዷን መለካት

ወርድና ርዝመቷ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቷ ከ20 እስከ 25 የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ። የላቫ ስብርባሪ እንደ ጠርሙስ ስለት ይቆርጣልና ወፍራም ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ። የሚወጣውን ሁሉ፣ ድንጋዩንም አፈሩንም፣ ሸራ ላይ አጠራቅሙ። ግማሹ በጉድጓዷ ግማሹ በግድግዳዋ ያለ ድንጋይ ከገጠማችሁ አታንሡት፤ ጉድጓዷ ዙሪያውን ትሂድ።

ቀጥሎ ስስ ፕላስቲክ አንጥፋችሁ በሚታወቅ ዕቃ ውኃ እየለካችሁ እስከ አፏ ሙሉ። የገባው ሊትር የጉድጓዷ ይዘት ነው። ሸራው ላይ ያለውን ባለ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በሆነ ወንፊት ለዩ። እርጥቡ አፈር ይለጠፋል፤ ጓንት ባደረገ እጅ እየተጫናችሁ አሳልፉት። የደረቀ አመድ የምትነፉ ከሆነ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ወንፊቱ ላይ የቀረውን ድንጋይ ለመለካት እስከ አፉ ውኃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ክተቱና የፈሰሰውን ውኃ ለኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። የላቫ ድንጋይ ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ደረቁን ብትከቱት ውኃውን ይጠጣና ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ይሰጣችኋል። ስለዚህ ቀድማችሁ ሌሊቱን ዘፍዝፉት፣ ላዩን አብሱት፣ ከዚያ ለኩት።

በምሳሌ ላሳያችሁ። ጉድጓዷ 20 ሊትር ይዛለች እንበል፣ ድንጋዩ 11 ሊትር አፍስሷል። ድንጋዩ 55 በመቶ ነው፤ አፈሩ የያዘው 9 ሊትር ብቻ ነው። አፈሩ ምድጃ ላይ ደርቆ 6.3 ኪሎ ከመዘነ አንዱ ሊትር 0.7 ኪሎ ማለት ነው። ተራ የእርሻ አፈር ብዙውን ጊዜ 1.3 ገደማ ይመዝናል፤ በበሰበሰ አመድ የተሠራ አፈር ግን ከ0.9 አይበልጥም። ይህ ልኬት እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ የአፈር ምደባ አንዲሶል በሚል ስም ራሱን የቻለ ክፍል ለሆነው ለዚህ አፈር ከመለያዎቹ አንዱ ነው።

አሁን ውኃውን አስሉት። ጥልቀቱ 40 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ደቃቁ አፈር ደግሞ ከይዘቱ 20 በመቶ ያህል ለተክል የሚሰጥ ውኃ ይይዛል እንበል። ድንጋይ ባይኖር 80 ሚሊ ሜትር ውኃ ነበር። አፈሩ 45 በመቶ ስለሆነ ግን ያላችሁ 36 ነው። በቀን 5 ሚሊ ሜትር ለሚጠጣ ተክል 16 ቀን የመሰለው ሰባት ቀን ሆነ። ስለዚህ አብዝቶ ከማጠጣት ቶሎ ቶሎ ትንሽ ትንሽ ማጠጣት ነው የሚያዋጣው። በአአ ላይ ከ36 በላይ የምታፈሱት ወደ ታች ይወርዳል፤ ማዳበሪያችሁንም ይዞት ይሄዳል።

የላቦራቶሪውን ወረቀት እንዴት ማንበብ

ላቦራቶሪ የሚመረምረው በወንፊት ያለፈውን አፈር ብቻ ነው፤ ድንጋዩን አያየውም። ውጤቱንም በኪሎ አፈር ይሰጣል። ወረቀቱ ላይ ፖታሲየም በኪሎ 100 ሚሊ ግራም ቢል፣ በአንድ ሄክታር ላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ድንጋይ የሌለው ተራ አፈር 2.6 ሚሊዮን ኪሎ ስለሚሆን 260 ኪሎ ፖታሲየም አለው። የእኛው ምሳሌ ግን 630 ሺህ ኪሎ አፈር ነው፤ ፖታሲየሙም 63 ኪሎ። ወረቀቱ ሁለቱንም «በቂ» ይላቸዋል። እኔ ይህን ስሌት ሳልሠራ ማንንም አላማክርም።

ናሙና ስትልኩ አታድርቁት። አሎፌን የበዛበት አፈር አንዴ ከደረቀ ወደ ጠጣር ፍርፋሪ ይለወጣል፣ እንደገና ብታረጥቡትም ወደ ቀድሞው ጠባዩ ላይመለስ ይችላል። እንደወጣ አየር በማያስገባ ከረጢት አሽጋችሁ ላኩት፣ ላዩም ላይ «የእሳተ ገሞራ አመድ፣ እርጥቡን ይመርመር» ብላችሁ ጻፉ። የሸክላ መጠኑን የሚናገረውን መስመር ብዙ አትመኑት፤ ቅንጣቶቹ በተለመደው ዘዴ አልበታተን ስለሚሉ ሸክላው ከእውነቱ አንሶ ይታያል።

ስለ ፎስፈረስ አጭር ነገር ልበል። ይህ አፈር ከሚጨመርለት ፎስፈረስ ውስጥ 85 በመቶና ከዚያ በላይ አጥብቆ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ በመሬቱ ሁሉ አትበትኑት፤ ከሥሩ አጠገብ በጠባብ መስመር፣ ከብስባሽ ወይም ከፍግ ጋር ቀላቅላችሁ አኑሩት። ናይትሮጅንና ፖታሲየም ደግሞ በተቃራኒው በብዙ ዙር፣ በትንሽ መጠን ይሰጣሉ።

መትከል

በአአ ላይ የምትቆፍሩት ጉድጓድ ታቹ ክፍት ነው። በቀጥታ አፈር ከሞላችሁት በመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሰርጎ ይጠፋና ችግኙ ሥሩ አየር ላይ ይቀራል። ከታች ክፍተቱን በትልልቅ ስብርባሪ ድፈኑ፣ በላዩ ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ ያልበሰበሰ ቅጠልና ጭራሮ፣ መጨረሻ ላይ አፈሩን። ከሥራው ሁሉ ጊዜ የሚወስደው ይኼ ነው፣ ግን አትዝለሉት።

በፓሆይሆይ ላይ የስንጥቆቹን መስመር ተከትላችሁ ትከሉ። ስንጥቅ መሆኑን ለማረጋገጥ ጉድጓዱን ውኃ ሙሉና ትታችሁ ሂዱ። በነጋታው ውኃው እዚያው ካለ ያ ጉድጓድ የዛፍ ቦታ አይደለም፤ ሥሩ ይሰምጣል። እንዲያ ባለ ቦታ ከለቀማችሁት ድንጋይ አጥር ሠርታችሁ ከፍ ያለ መደብ አዘጋጁና ሥራቸው አጭር የሆኑ ተክሎችን አብቅሉበት።

አንድ ችግኝ ለመትከል ያወጣችሁትን ድንጋይ ወደ ሜዳ ዳር አትወርውሩት። ግማሹን በተዳፋቱ አግድም ደርድሩት፤ የሚወርደውን አፈር ይይዛል። የቀረውን በችግኙ ዙሪያ አንጥፉት፤ ፀሐይ አፈሩን እንዳያገኘው ይከላከላል። መሬቱ ባዶውን መዋል የለበትም። ላዩ የደረቀ አመድ አፈር ቀላል ፍርፋሪ ስለሆነ ነፋስም ውኃም በቀላሉ ይወስደዋል። ሽፋን ምን ያህል እንደሚጠቅም ከስፔን የካናሪ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በላንዛሮቴ ደሴት ላይ በግልጽ ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ1730 እስከ 1736 በዘለቀው ፍንዳታ አመድና ጥቁር ጠጠር የእርሻ መሬቱን ከቀበረው በኋላ፣ ገበሬዎቹ ሽፋኑን እየበሱ ወደ ቀድሞው አፈር የሚደርሱ ሰፋፊ ጉድጓዶች ቆፍረው ወይን ተከሉ፤ በነፋሱ በኩልም ግማሽ ክብ የድንጋይ ካብ ሠሩ። ዝናብ እጅግ ጥቂት በሆነበት በዚያ ደሴት ወይኑ የሚኖረው ጠጠሩ የአፈሩን እርጥበት ከትነት ስለሚጠብቅለት ነው።

ማሽን ለማስገባት ለምታስቡ

ፓሆይሆዩን በቡልዶዘር መሰንጠቅ ይቻላል፤ ሃዋይ ውስጥ ፓፓያና ማካዴሚያ ለመትከል እንዲህ የተሠራ መሬት አለ። ወጪው ከባድ ነው፣ የተሰነጠቀውም መሬት ተመልሶ አይገጥምም፤ ስለዚህ ውኃ በሚተኛበትና ሌላ ቦታ በሌላችሁ ጊዜ ብቻ አስቡት። አፈሩ ረጥቦ ሳለ ማሽን አታስገቡ። በጣታችሁ መሃል የተንሸራተተው አፈር በጎማውም ሥር እንዲሁ ይሆናል፣ ማሽኑም ይሰምጣል።

ሌላው አደጋ ዋሻ ነው። ፓሆይሆይ ሲፈስ ላዩ ቀድሞ ይጠነክርና ውስጡ ፈስሶ ያልቃል፤ ጣሪያው ቀጭን የሆነ ረጅም ቦይ ትቶ ያልፋል። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት መንገዱን በሙሉ በድጅኖው ወይም በከባድ መዶሻ እየደበደባችሁ ሂዱበት። «ጥን» ያለው ድፍን ነው። «ድም» ያለበትን ቦታ በካስማ አጥሩት፣ ከዚያም በሁለቱም በኩል ድምፁ እስኪለወጥ ድረስ ተከተሉት፤ ቦይ ስለሆነ ወደ ላይም ወደ ታችም ይቀጥላል። ኦፕሬተሩ ካስማዎቹን በዓይኑ ሳያይ ሞተር አያስነሣ። መጸዳጃ ጉድጓድም በዚያ መስመር ላይ አይቆፈር፤ ፍሳሹ ሳይጣራ በቦዩና በስንጥቁ በኩል በቀጥታ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይወርዳል።